ከርነሉን በቀየርኩ ማግስት

ጎንደር ውስጥ መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ ሲመጡ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሞኝ ነው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ የኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ ከሰው ይብስብኛል። ያን ማክሰኞ ከሰዓት ሁለቱም ሲመጡ የቤታችንን ላፕቶፕ ማደስ ጀመርኩ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ነው የምንጠቀመው፤ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ በአዲስ ተካሁ። አሮጌውን ደግሞ ቦታ ያጣብባል ብዬ ጠራርጌ አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄን በልቶኝ ነው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ የማስተርስ ጥናቷን ፈታኞች ፊት ልታቀርብ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በእናታችን አገር ወግ ዛሬም «አያ» ነው የምትለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካነ ብርሃን ዙሪያ ገደል ስትወጣ ገደል ስትወርድ ጎርፍ የሸረሸረውን መሬት ለክታ፣ ስክሪን ላይ ተራራው እንዳለ የሚዞር ካርታ ሠርታለች። ጠዋት ልትለማመድ ከፈተችው፤ አልዞር አለ። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ቀስቱ እንኳ ቆይቶ፣ እየተጎተተ ነው የሚከተላት።

ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ የትናንት ሥራዬ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አፌ ግን ማሽኑ አርጅቷል፣ ደክሟል አለ። አመነችኝ። የባለሙያ ቃል ነዋ! ከዚያ ጥፋቱን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ዳታ አብዝቼበት ይሆናል አለች። ከሁሉ የከበደው የእናታችን የትውልድ ቀበሌ ልኬት ነበርና፣ እሱን ብቆርጠው ይቀለው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

«ሞክሪው» አልኳት። አፌን ቁርጥ ያርገው፣ ሞክሪው አልኳት።

ቆርጣ፣ ቅጂ ሳታስቀር በዋናው ፋይል ላይ አስቀመጠችው። ካርታው እንደዚያው ተንቀራፈፈ።

ያኔ ማሽኑን ከፊቷ ወሰድኩት። ስመረምረው ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ስዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ተሸክሟል። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የተዘጋጀው ለአሮጌው ከርነል ነበር፤ ለአዲሱ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ፋይል ደግሞ አልወረደም። ላውርደው ብል ኢንተርኔቱ ከከተማው ጠፍቷል፤ የሚሠራው ስልክ ብቻ ነው። ወደ አሮጌው ልመለስ ብል ራሴ ቀብሬዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

እኛ የጥገና ሰዎች አንዱ ያወረደውን በፍላሽ እየተቀባበልን ነው የምንኖረው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጠዳ ላለ ባልደረባዬ ደወልኩለት፤ ፋይሉ ነበረው። ፍላሹን ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቶ የታርጋውን ቁጥር ነገረኝ። አስፋልት ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። ሚኒባሱ አዘዞ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ኖሮ፣ እኔ ዘንድ የደረሰው ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። እዚያ ስቆም ገና እንደገባሁ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ስገባ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ፋይሉን መጫን ጀመርኩ።

እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። ጨርሼ እንደገና ሳስነሳው ተራራው እንደ እንዝርት ዞረ። ዳር ላይ የእናታችን ቀበሌ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ልኬቱ ደብተሯ ላይ አለ፤ እንደገና ለማስገባት ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። ለእኛ የቀረን አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

አቀራረቧ ሸጋ ነበር። መጨረሻ ላይ አንደኛው ፈታኝ ነጩን ቦታ አሳይቶ ይህ ለምን ባዶ ሆነ አላት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

«ልኬቱ ነበረ፤ ዛሬ ጠዋት ቸኩዬ አጠፋሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

ነጥብ ቀነሱባት፤ አስተካክላ እንድታመጣም ነግረው አሳለፏት። ውጭ ቦርሳዋን ይዤ ጠበቅኋት። ማሽኑ አላረጀም፣ ትናንት ከርነሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ለመናገር ያን ያህል ጊዜ የፈጀብኝ ነገር ተነግሮ ሲያልቅ አጭር ነበር።

ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ፋይሉን ስትጭን ከከርነሉ ጎን የትናንቱን ቀን ስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ፣ አያ» አለች። «ፈታኙ ሲጠይቀኝ ዞሬ አየሁህ። አቀርቅረህ ነበር።»