የክሌመንት ሣጥንና የእኔ እርሳስ

ባሌ ክሌመንት ሠላሳ አንድ ዓመት የወተት ቦቴ ነድቶ ነው ጡረታ የወጣው። እኩዮቹ ዓሣ ማጥመድ ወይም መጠጥ ቤት ማሞቅ ሲይዙ፣ እሱ ገና በሥራ ላይ ሳለ የጀመረውን የእሳት እራት ቆጠራ ገፋበት። በዴቨን ገጠር ይህን የሚያደርግ ሰው አብዷል አይባልም፤ በእኛ መንደር ብቻ ሦስት ናቸው። ሲመሽ አትክልቱ ውስጥ ባለመብራቱን ሣጥን ያበራል። የእሳት እራቶቹም ብርሃኑን ብለው መጥተው በቀዳዳው ይገቡና ውስጡ በደረደረው የእንቁላል ካርቶን ላይ ተለጥፈው ይተኛሉ። ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ ስማቸውንና ብዛታቸውን ያስመዘግባል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ይለቃቸዋል። ዝርዝሩ በዓመቱ መጨረሻ የአውራጃውን መዝገብ ለሚይዙት ለሚስተር ሄክስት ይላካል።

ክሌመንት ዝምተኛ ነው። በቀን ከአርባ ቃል በላይ ካወጣ ታሟል ማለት ነው። ጣቶቹ እንደ ካሮት ወፍራሞች ናቸው፣ ግን አንድም ክንፍ ሰብረው አያውቁም። የሚናገረው ሣጥኑን ሲከፍት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩለት እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገርና እኔ የእሳት እራት አልወድም። ሹራቤን የበሳሱት ዘመዶቻቸው ስለሆኑ በጥርጣሬ ነው የማያቸው። የምወደው ያቺን ግማሽ ሰዓት ነበር። እሱ ተንበርክኮ የእያንዳንዱን ወገን ስምና ብዛት ይጠራል፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ።

«ቢጫ ውስጠ ክንፍ፣ አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ።»

«የዕብራይስጥ ፊደል፣ አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት። ሻይህ ቀዘቀዘ።»

«ባለ ጨረቃ፣ ስድስት። ይቀዝቅዝ።»

ትዳራችን ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ላይጥም ይችላል፤ ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤት ሮዛሙንድ ገዛችው። ጡረታ የወጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ባሏ ሞቷል፤ ስልሳ ዓመት ሞልቷታል ቢሏችሁ አታምኑም። የእኔን ዕድሜ ተዉት። የራሷን ሣጥን ይዛ ነው የመጣችው፣ መብራቱ ከእኛው በእጥፍ ይደምቃል። ሐምሌ ላይ ክሌመንት «የሷንም ልየው» እያለ በአጥሩ በር መሻገር ጀመረ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጢሙን ተላጭቶ መሻገር ጀመረ። ዕድሜ ልኩን በፒጃማና በላስቲክ ቦቲ ሣጥን ሲከፍት የኖረ ሰው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬም አልዳንኩ።

የባሰው ግን መላጨቱ አልነበረም። አንድ ጠዋት እርሳሴን ይዤ ስወጣ ሮዛሙንድ የእኛው ሣጥን አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። እሱ ይጠራል፣ እሷ በስልኳ ትመዘግባለች።

«ቤሪል፣ ምን አስነሳሽ! ተኚ እንጂ፣ እኔ አለሁለት» አለችኝ። «ስልኩ ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ለሄክስት ይልካል።»

«ጎሽ» አልኳት። «ጢሙንስ ይላጭለታል?»

ሳቀች። ክሌመንትም ሳቀ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ግን አልገባውም።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሳህን ሳጥብ እቀናለሁ፣ ቲማቲም ስለቅም እቀናለሁ። ባሌን ብትወስደው እኮ ለመንደሩ አውርቼ ይወጣልኝ ነበር። እርሳስ ቀማችኝ ተብሎ ለማን ይነገራል?

መስከረም ገባ። በመስከረም ክሌመንት የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስሙ አቻ የለሽ ይባላል። መዳፍ የሚያክል የእሳት እራት ነው። ክንፉን ሲያጥፍ ግራጫ የዛፍ ልጥ ይመስላል፤ ሲገልጠው ግን ከስር ጥቁሩ ላይ ሰማያዊ መቀነት አለው። ሥዕሉን የጓዳው ቁምሳጥን በር ላይ ለጥፎታል። ድሮ በእኛ በኩል ጠፍቶ ነበር፣ አሁን እየተመለሰ ነው ይላሉ። ክሌመንት ሃያ ሁለት መስከረም ሙሉ ሣጥኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያወጣው ቃል «የለም» ነበር። ከዚያ መቁጠር ይጀምራል።

በዚያ ሳምንት ነፋሱ ከደቡብ ነፈሰ፣ ሮዛሙንድም አቻ የለሽ ከኮረብታው ወዲያ ታየ የሚል ወሬ አመጣች። ሐሙስ ጠዋት ክሌመንት የራሱን ሣጥን በፎጣ እንደሸፈነ ትቶ ወደሷ አመራ።

«የራስህስ?» አልኩት ከበር ላይ ሆኜ።

«የሷ ይበልጥ ይሞላል። መጣሁ፣ የኔ ፍቅር።»

ደሜ ፈላ። ሄጄ ፎጣውን ገፈፍኩና ክዳኑን አነሳሁ። እዚያው ክዳኑ ስር ተለጥፎ ተኝቷል። መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ስኳር ባወጣሁ ቁጥር ቁምሳጥኑ በር ላይ ሳየው የኖርኩት ነው። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሰማያዊው ብቅ አለ።

መጥራት እችል ነበር። አጥሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አፌን ስከፍት የሮዛሙንድን ሳቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም የሱን። ረጅም ሳቅ። ከእኔ ጋር እንዲያ ከሳቀ ስንት ጊዜው! አፌን ዘጋሁና ክዳኑን አራገፍኩት። እጄ ተንሸራቶ አይደለም። ክሌመንት እንዳያየው ብዬ ነው።

ተነስቶ ጥቂት በረረና ሣሩ ላይ አረፈ። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ አጠገብ የሚያደባው ያ ጥቁር ወፍ ከአጥሩ ስር ወጥቶ ለቀም አደረገው። እየጮህኩ ብሮጥም አልደረስኩም። ሣሩ ላይ የቀረው አንድ የኋላ ክንፍ ነው፣ መቀነቱ እንኳ አልተነካም። ልለቀው እንጂ ላስበላው አላሰብኩም ነበር። ክንፉን አንስቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ትንሽ ቆይቶ ክሌመንት ብቻውን መጣ።

«ሮዛሙንድ ጥርሷን ልትታይ ሄደች። ትጽፊልኛለሽ?»

በርጩማዬን አመጣሁ። ክዳኑን አነሳ፣ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ገለበጠ፣ «የለም» አለና መጥራት ጀመረ። እኔ እጽፋለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ ኪሴ ግን ከበደኝ።

«ምን ነበር እንዲያ ያሳቃችሁ?» አልኩት፣ አላስችል ብሎኝ።

«ያቺን ዳቦሽን እየነገርኳት ነበር።»

አንድ ዓመት ‹ባለ ጨረቃ 6› ከሚለው ስር ‹ዳቦ 2› ብዬ ለገበያ የጻፍኩት ሳይሰረዝ ለሚስተር ሄክስት ሄዶ ነበር። ሰውየውም ይህ ዳቦ የተባለው የየትኛው ወገን ነው ብለው ጽፈውልናል።

«በስልክ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ቤሪል አትሳሳትም እንጂ ከተሳሳተች ታስቃለች አልኳት» አለ። «ናፈቀኝም አልኳት። ትተኛ ብለን ነበር እኮ፤ በጠዋት ብርድ ጉልበትሽን ስለሚያምሽ።»

ክንፉን አውጥቼ ደብተሩ ላይ አኖርኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከክዳኑ ስር። በሕይወት ነበር። አራገፍኩት፣ ወፍ በላው።»

«ምነው አልጠራሽኝም?»

«እየሳቅህ ነበራ።»

ክንፉን በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ አነሳው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ በወደድኩ።

«ትልቅ ነበር?» አለ።

«መዳፌን ያክላል።»

«ሲበር ሰማያዊው ይታያል?»

«ይታያል። ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወስዶ፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ ‹አቻ የለሽ፣ 1› ብሎ ጻፈ። ‹ያየው ሰው› በሚለው ዓምድ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆመው የሱ ስም ነው። አሁን ግን የእኔን ስም ከነአባቴ ስም ጻፈው።

«ክሌመንት፣ ተው! ሣጥኑ ያንተ ነው።»

«እኔ አላየሁትም» አለኝ። «ያላየሁትን አልጽፍም።»

ሚስተር ሄክስት ክንፉን መርምረው መዝገቡን አጸደቁት። «እንኳን ደስ አለዎት፤ በመንደርዎ የመጀመሪያው ነው» የሚል ደብዳቤም ላኩልኝ። ክሌመንት በክፈፍ አድርጎ ሳሎን ሰቀለው። ሁለት ጊዜ አወረድኩት፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ሰቀለው።

ከዚያ ወዲህ አራት መስከረም አልፏል። ሮዛሙንድ ሁለት አግኝታለች፤ ሁለቱም ጊዜ ክሌመንት ተጠርቶ ሳይደርስ በረሩ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣና ደብዳቤውን ሲያይ፣ ክሌመንት ትከሻዬን ይዞ «አቻ የለሹን ያየችው እሷ ናት» ይላል። አሽሙር አይደለም፣ ኮርቶ ነው። እንግዳውም ወደሱ ዞሮ «አንተስ እንዴት ነበር ስታየው?» ይለዋል።

«እኔማ» ይላል ክሌመንት፣ «ገና ነኝ።»