ዳዶ ገብቷል?

የውቤ በረሃ ሰዎች መካኒኩ እምሩ ሁለት ነገር አይችልም ይሉ ነበር፦ መቸኮልና መዋሸት። በመቸኮሉ አልተሳሳቱም። በመዋሸቱ ግን ተሳስተዋል፦ አንድ ቀን ዋሽቷል፤ ያቺ አንዲት ውሸት ደግሞ አንጀቱን ስትበላው ኖራለች።

ጋራዡ ጋራዥ ለመባል እንኳ የማይበቃ፣ የተዘጋ ቡና ቤት ጓሮ ነበር። እዚያ ከሲራጅ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሲራጅ የወሎ ልጅ፣ ተጫዋች፣ እጁ ሥራ ላይ ሆኖ አፉ ነገር የማያጣ ሰው ነው። እምሩ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ በዝምታ ደግሞ አገሩን ሁሉ ይበልጣል።

የእምሩ ስም የተጠራው በፍሬን ነው። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የፍሬን ቱቦ በእጁ ይሠራ ነበር። ቱቦውን በብረት መጋዙ በሴጌቶ ይቆርጣል፣ አፉን በሞረድ ያለሰልሳል፣ ቱቦውን ከቦታው የሚያጠብቀውን ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ዳዶውን፣ ያስገባል፤ ከዚያ ብረት መንከሻው ሞርሳ ላይ አስሮ ጫፉን በሹል ብረት ቀስ እያለ እየመታ እንደ ጡሩምባ አፍ ይከፍተዋል። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ያ የተከፈተው አፍ ነው። ታዲያ ዳዶውን ሳያስገቡ አፉን የከፈቱት እንደሆነ ጉድ ፈላ! ዳዶ በተከፈተ አፍ አያልፍም። ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው፤ ቱቦውም ያጥራል።

ያ ጠንቃቃ ሰው ታዲያ ይህንኑ ይረሳ ነበር። ሐሳቡ ሁሉ አፉን ማሳመር ላይ ስለሚሆን ዳዶው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ሲራጅ ይህን ሲያይ ጊዜ አንድ ሥርዓት አወጣ። እምሩ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት «ዳዶ?» ብሎ ይጮኻል፤ ሲራጅ አየት አድርጎ «ገብቷል!» ይላል። ሳይገባ ሲቀር ደግሞ፣

«ኧረ ያገር ያለህ! ይሄ ሰውዬ ለሠርጉም የሄደው ሙሽራዋን ረስቶ ነው!» ይላል። ጓሮው በሳቅ ይሞላል፤ እምሩም አብሮ ይስቃል።

በስልሳ ዘጠኝ ግንቦት ላይ ለጦሩ መካኒክ ይፈለጋል ተባለና ቀበሌው ሲራጅን መለመለው። ሚስቱ ረሂማ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሲራጅ ሊሄድ ሲል የእምሩን አሮጌ ሴይቼንቶ መኪና ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይቺ የፊት ቱቦ ዝጋለች፤ ሳታዋርድህ ቀይራት» አለው። እምሩም እሺ አለ። ግን የሰው መኪና ሲጠግን የራሱ ተረሳች።

ሕፃኗ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተወለደች፤ ሸፊቃ ተባለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ሾፌር ከሲራጅ መልእክት ይዞ መጣ። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ እንነሣለን። ከዚያ በፊት በር ላይ ቤተሰብ ያገናኙናል። እባክህ እምሩ፣ ልጄን አምጣልኝ።»

ሲራጅ ያለበት የጦሩ ማሠልጠኛ በአምቦ መንገድ ነው። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ እምሩ መኪናዋን አስነሥቶ ፍሬኑን ቢረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ያቺ የዛገች ቱቦ ተበጥሳ ዘይቱ ጭቃው ላይ ፈሷል። ያን ቀን ታላቅ ሰልፍ ነበር፤ አውቶቡሱም ታክሲውም ሰልፈኛ ሊጭን ወጥቷል። ረሂማ ልጇን በአዲስ ፎጣ ጠቅልላ በዝናብ መጣች።

«ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጅም፣ አይዞሽ» አላት።

ለክፉ ቀን ያስቀመጣት አንዲት ቱቦ ነበረችው። ቆረጠ፣ ሞረደ፣ አንዱን ጫፍ ጨረሰ። ወደ ሁለተኛው ዞረ። ከግንቦት ወዲህ የሚመልስለት ስለሌለ «ዳዶ?» ማለቱን ትቶታል። በልቡ የሚያየው ሲራጅን ነበር፤ ሕፃኗን ሲታቀፍ ምን ብሎ እንደሚቀልድ እያሰበ መዶሻውን አነሣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አፉን አሳምሮ ከፈተና ቀና ቢል፣ ዳዶው ጉልበቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ወይኔ!» አለ።

«ምነው ጋሼ እምሩ? ምን ሆኑ?» አለች ረሂማ ደንግጣ።

ያኔ ነው የዋሸው። «ቱቦው ተሰነጠቀ። አሮጌ ነው» አላት።

ቆርጦ ደግሞ ሲሠራው ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ወጥሮ ማሰር ይቻል ነበር። ግን የተወጠረ ቱቦ ቁልቁለት ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ የሲራጅን ሚስትና ልጅ በዚያ ላይ አይጭንም። አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ዘርኡ ሮጠ። ዘርኡ ሰልፍ ወጥቷል። ሱቁ ተዘግቷል። እምሩ ዝናብ እየወረደበት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እያየ «አንተው ታውቃለህ» አለ። ዘርኡ ሲመለስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ቱቦ ተገኘ። ይህን ጊዜ ዳዶውን ጥርሱ ውስጥ ነክሶ ሠራ። ከቱቦው አየር ለማውጣት ረሂማ ልጇን ታቅፋ ፔዳሉን ረገጠችለት፤ «ርገጪ» ሲላት እየረገጠች፣ «ልቀቂ» ሲላት እየለቀቀች።

ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። በሩ ላይ የጎማ ዱካ ብቻ ቀርቷል፤ ዱካውም ውሃ ይዟል።

«ሄዱ እኮ፣ እናቴ» አላት ዘበኛው።

ረሂማ አላለቀሰችም። የሕፃኗን ፊት ገልጣ ወደ መንገዱ አዞረቻት። «የአላህ ነገር ነው። ቱቦው ይሰነጠቃል ብሎ ማን አሰበ?» አለች። እምሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋውና ሞተሩን አስነሣ።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣ። ረሂማ ማንበብ ስለማትችል ለእምሩ ይዛለት ሄደች። እሱም ጓሮው ውስጥ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ያነብላት ጀመር። ሰላምታውን አነበበ፣ የልጁን ናፍቆት አነበበ። ከዚያ አንድ ቦታ ደረሰና ቆመ። ሳል አስመስሎ ሦስት መስመር ዘለለና «አላህ ያገናኘን» የሚለው ላይ ጨረሰ። ረሂማ ደብዳቤውን ስማ አጥፋ ወሰደችው።

ጥር ላይ ቀበሌው ጠራትና የሲራጅን ሞት ነገራት።

ከዚያ ወዲህ እምሩ የረሂማን ቤት ጣራ ሲጠግን፣ ሸፊቃ ስትታመም ሐኪም ቤት ሲያመላልስ፣ ሰፈሩ «እንዲህ ያለ ጓደኛ!» ይላል። እሱ ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? በሰባ አንድ መሠረተ ትምህርት ታወጀ፣ ረሂማም ቀበሌ ገብታ ፊደል ቆጠረች።

አንድ ጠዋት ልጇን በእጇ ይዛ ጓሮው መጣች። እምሩ ሞርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቱቦ ይዟል። ረሂማ ደብዳቤውን ዘረጋች፤ ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች፣ እየተንተባተበች አነበበች።

«እምሩን... እንዲህ... በዪልኝ። እስከ መጨረሻዋ... መኪና ድረስ... በሩን ሳይ ነበር። ስትቀሩ... ገባኝ። ያቺ የዛገች ቱቦ... ተበጥሳ... ስትቀይራት... ዳዶ ረሳህ አይደል? እኔ ሳልኖር... ማን ያስታውስህ! መኪናው ላይ... ብቻዬን... እስኪያመኝ ሳቅሁ። ጓዶቼ... አበደ አሉኝ።»

እምሩ ቱቦውን ሞርሳው ላይ ተወው። «ረሂማ... እንደዚያ ነው የሆነው። ረሳሁት» አለ። እንባው መጣ። «በእኔ ጥፋት ነው ልጁን ሳያይ የሄደው።»

«በመርሳትዎ አልቀየምኩም። ሰው ይረሳል» አለች። «እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከፍቶት ሄደ፣ ቀሩብኝ ብሎ አዝኖ ሞተ እያልኩ አለቀስኩ። ሳቅሁ ይላል እኮ፣ ጋሼ! ይህችን ሳቅ ምን ብለው ከለከሉኝ?»

ፍሬኑ፣ ቱቦው፣ የከረመው ሐፍረቱ ሁሉ ተረስቶ ለእምሩ የታየው ሲራጅ ብቻ ነበር፤ ጭነት መኪና ላይ፣ ሆዱን ይዞ፣ በእሱ እየሳቀ። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» አላት።

ረሂማ እንባዋን ጠረገችና ጣቷን ከመስመሩ መጀመሪያ መለሰች።