በዜማ የታወጀው ጎርፍ

ከጎጃም ተመድቦ ቆቦ የመጣው የአደጋ መከላከል ባለሙያ አራጌ፣ ዜማ ሲሰማ ሆዱ የሚባባ ሰው ነው። ለከተማዋ የጎርፍ ዝግጅት ሲያቅድም «ደረቅ ማስታወቂያ ማን ይሰማል?» ብሎ ማስጠንቀቂያውን ግጥም አደረገው። የራያ ሰው ግን ለተዜመለት መልስ ሳይሰጥ እንደማይነቃነቅ ረሳ።

ደጋው ላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ መነሣቱ ሲደወልለት፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወንዝ ዳር ሮጠ።

«ደጋው ላይ ዘነበ፣ ሰማይ አለቀሰ፤
ተነሽ ወደ ዳገት፣ ጎርፉ ገሰገሰ።»

ሰዉ መሸሹን ትቶ ከቦት አጨበጨበ። ወንዙ አፋፍ ላይ ሻይ ቤት ያላት ቆንጅት ወገቧን ይዛ መለሰችለት፦

«ደራሹ ቢመጣ፣ መች እሸሻለሁኝ፤
አንተን የመሰለ፣ ዋናተኛ አለኝ።»

እልልታው ቀለጠ። ዋና የማያውቀው አራጌም ጨዋታው ጥሞት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የመልስ ግጥም ይፈልግ ጀመር። ግጥሙ ሳይመጣለት ጫማው ውስጥ ውሃ ገባ።

«ኧረ ውሃ! ውሃ! ሩጡ!» ብሎ እንደ ፍየል ጮኸ። ያኔ ሁሉም ዳገቱን ወጣ።

ከዳገቱ ላይ ሆነው የሻይ ቤቱ አግዳሚዎች ሲንሳፈፉ እያዩ፣ ቆንጅት «ወንድም አራጌ፣ ከግጥሞችህ ሁሉ የመጨረሻዋ ትበልጣለች፤ ሌላ ጊዜ ከእሷ ጀምርልን» አለችው።

አራጌ በራሱ ሳቀ። የመልሱ ግጥም የመጣለት ያን ጊዜ ነበር፤ እንደምንም ዋጠው።