ሁለት ስም የተጻፈበት ቢላዋ

ይህ ነገር የደረሰብን ጣልያን አገራችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ ጣልያንም ወጥቷል። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ አማትባለሁ፣ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል። ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ስለሆነ እኔው ልጻፈው ብያለሁ።

መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ግማሽ ቀን ያህል የእግር መንገድ ነው። አባቴ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነኝ። ማረሻም ማጭድም ይሠራል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰው አብዝቶ የሚፈልገው የወጥ ቤት ቢላዋ ነበር። መንገድ ዳር የወደቀ የጣልያን ካሚዮን ባሌስትራ ያገኘ ሁሉ ለእኛ ያመጣል። ለቢላዋ እንደ ባሌስትራ ያለ ብረት የለም። በአባቴ ቢላዋ ሽንኩርት የከተፈች ሴት አታለቅስም ይባል ነበር። እኔ ግን አልቅሼበታለሁ፤ እውነቱን ልናገር።

እጀታውን የሚሠሩት ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ናቸው። ወላጆቻቸው ከአሊዩ አምባ የመጡ ናቸው። የበሬ ቀንድ በፍል ውኃ ይቀቅላሉ፤ ሲለሰልስ በሁለት እንጨት መሃል ጠፍረው ያቃኑታል። ከዚያ ይፍቁታል፣ ይበሱታል፣ የስለቱን ጅራት አስገብተው በሚስማር ያጠብቁታል። ቀንድ ሲቀቀል ሽታው መንደሩን ያዳርሳል። ጎረቤቱም፣ «ፋጡማ ዛሬም የቀንድ ወጥ ሠርታለች፤ ማንን ልትጋብዝ ይሆን?» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸውም፣ «ጥርስ ያለው ይምጣ!» ይላሉ።

በእኛ አገር ሰው ቢላዋውን ይወዳል እንጂ ሠሪውን አይወድም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። አንዲት ሴት ቢላዋ ይዛ ስትሄድ «ከማን ገዛሽው?» ብትባል፣ «ከዚያ ከቀጥቃጩ» ነው መልሷ። ስሙን የሚጠራ የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መጻፍ ቻልኩ። ጦርነቱ ከአንኮበር ያፈናቀለው አንድ ጸሐፊ መንደራችን ተጠልሎ ነበርና እሱ ፊደል አስቆጠረኝ። መጻፍ ከቻልኩ በኋላማ ማን ይቻለኝ! ግድግዳው ላይ በከሰል፣ አመዱ ላይ በጣቴ፣ ያገኘሁት ላይ ሁሉ መጻፍ ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን አባቴን ትንሽ መሮ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ስለቱ ውኃ ውስጥ ሳይነከር፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ የአባቴን ስም ቀረጽኩበት።

አባቴ ማንበብ አይችልም። ግን ያን ቀን ስሙን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ዋለ። «በሌሎቹም ላይ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። እትዬ ፋጡማ እጀታ ሲያስገቡ አይተው፣ «ጎበዝ፣ ጽሕፈትሽ ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ። ምን እንደሚል አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸው።

ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ አንድ ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌ ቢላዋውን አንስተው የአባቴን ስም ጮክ ብለው አነበቡት። ሰዉ ዞሮ አየው። ያን ቀን ገዢው ሁሉ አባቴን በስሙ እየጠራ ሲያናግረው ዋለ። አባቴ አንገቱ ረዝሞ ታየኝ። እትዬ ፋጡማም ከጎናችን ጨው ሲገዙ ሰሙ። ወደ እኔ መጡ።

«አስካለ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«የአባቴን ስም።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እጀታው ከስለቱ ላይ በቅሎ ነዋ!»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነው ያሉት። መቀነታቸውን አጠበቁና ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀንድ ሽታ ከመንደሩ ጠፋ። አባቴም መጀመሪያ ኮራ። «ቢላዋ ማለት ስለቱ ነው፤ እጀታ ማንም ይሠራል» አለና ራሱ ከወይራ እንጨት ጠርቦ ሠራ። የመጀመሪያውን የወሰደችው ሴት በሦስተኛው ቀን ስለቱን በአንድ እጇ፣ እጀታውን በሌላ እጇ ይዛ መጣች።

«የቱ ነው የአንተ ሥራ?» አለችው።

አባቴ ሁለቱንም ተቀበላት። ያን ቀን ምሳውንም በቅጡ አልበላ።

እጀታ ያጡ ስለቶች ጥግ ላይ ተከመሩ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ዝምታው ነው። የእኛና የእትዬ ፋጡማ አጥር አንድ ነው። እሳቸውና አባቴ በዚያ አጥር ላይ ሳይጯጯሁ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። በፋሲካም በኢድም፣ ሥጋው ባይሆን ዳቦው በአጥሩ ላይ ይተላለፋል። ለሦስት ሳምንት ግን ድምፅ የለም። በአንዲት ትንሽ መሮ ሁለት ቤት ለየሁ ብዬ አለቀስኩ።

በመጨረሻ መሮዬን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስምዎን እጀታው ላይ ልጻፍልዎት።»

«መሮሽን ከቀንዴ አርቂ፤ ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም አታደርጊም። ፊደል ያለሽ አንቺ ብቻ መሰለሽ እንዴ?»

ወስፌያቸውን እሳት ውስጥ ከተው አጋሉት። ከዚያ ቀንዱ ላይ በዐረብኛ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ስማቸውን ተኩሰው ጻፉ። ለካስ አባታቸው ወንዶቹን ቁርአን ሲያስቀሩ እሳቸውንም ንባብና ጽሕፈት አስተምረዋቸው ኖሯል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በመንደራችን የምትጽፍ ሴት እኔ ብቻ መስሎኝ ስኩራራ ነበር። አፈርኩ። ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እንዲህ ሆኖ የተከመሩት ስለቶች ሁሉ እጀታ አገኙ። ስለቱ ላይ የአባቴ ስም በእኛ ፊደል፣ እጀታው ላይ የእትዬ ፋጡማ ስም በዐረብኛ ፊደል ሆነ። ከአባቴ ጋር ግን አልታረቁም። «ሥራ ሥራ ነው። እሱን ግን አላናግረውም» አሉኝ። ወደ ገበያ ስንሄድ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ አባቴ ከአህያዋ ጋር ከኋላ ነበርን። «አባትሽን አህያዋን ከእሾህ ያርቃት በዪው» ይሉኛል፤ እሄዳለሁ። «እትዬን ውኃ ይጠጡ እንደሆነ ጠይቂያቸው» ይለኛል፤ እመለሳለሁ። መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄድኩት ማለት ይቻላል።

ከተማው መግቢያ ድልድዩ ጋ የጣልያን ኬላ ነበር። በዚያው ሳምንት ፍተሻው ጠብቆ ነበር፤ ለአርበኞች የሚላክ ደብዳቤ በዕቃ ተደብቆ ያልፋል ይባላልና። አንድ ረጅም አስካሪ፣ ጣልያን ከሌላ አገር ያመጣው ወታደር፣ ጆንያችንን ፈትቶ ቢላዋ አወጣ። ጽሑፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ስም ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«የማን ስም?»

«የሠሪው። የእኔ።»

አስካሪው የእኛን ፊደል አያውቅም ኖሯል። እጀታውን ገልበጥ አደረገና የዐረብኛውን አነበበ። ከዚያ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ፋጡማ የምትባለው አንተ ነህ?»

ከኋላችን የተሰለፈው ገበያተኛ በሳቅ ፈነዳ። ጥላ ሥር የተቀመጠው የኬላው ጣልያን ሹም ግን አልሳቀም። ከጥላው ሥር ተነስቶ መጣና ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ አያቸው። ሁሉም ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ነው። ለአስካሪው አንድ ነገር ተናገረ። አስካሪውም ወደ እኛ ዞረ።

«አንድ ቢላዋ ሁለት ሠሪ የለውም፣ ይህ የምሥጢር ጽሑፍ ነው ይላል። የሠራው ሰው ካምፕ ገብቶ ይጠየቃል። የቀራችሁት እለፉ።»

እዚያ ካምፕ ገብተው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። ደግሞ ብረቱን ከየት አመጣችሁት እንዳይሉን ብዬ በልቤ ማርያምን እለምናለሁ።

አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ብቻዬን ነው። እኚህ ሴት ጎረቤት ናቸው፤ ጨው ሊገዙ ነው የመጡት።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። ሊያድናቸው ነው። እትዬ ፋጡማ ግን ወይ አልገባቸውም፣ ወይ ገብቷቸው አልፈለጉም።

«ምን አልክ?» አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ያላናገሩትን ሰው ያናገሩት ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ዝም ይበሉ» አለ አባቴ በጥርሱ መሃል።

«ወላሂ ዝም አልልም! ዛሬም ብቻህን? ቀንዱን ማን ቀቀለው? ማን ፋቀው? ይኼን ጣቴን ያቃጠለው የአንተ ወናፍ ነው?»

«እትዬ፣ ላድንዎት ብዬ ነው እኮ!»

«ስሜን ወስደህ ነው የምታድነኝ?»

ከዚያ ወደ አስካሪው ዞሩ። «ስማኝ ልጄ፣ ፋጡማ እኔ ነኝ። እጀታው የእኔ ነው። እሱን የምታስገቡት ከሆነ እኔንም አስገቡኝ።»

«አይስሟቸው፣ ጌታዬ። ፀሐይ መትቷቸው ነው» አለ አባቴ።

«ፀሐይ የመታህ አንተ! የወይራ እጀታ የሠራህ ዕለት ነው የመታህ!»

እያለቀስኩ ነበር። ይህን ስሰማ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ።

ሹሙ ምን እንደሚሉ ጠየቀ መሰለኝ፤ አስካሪው ረዘም አድርጎ ተረጎመለት። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያሉትን ብቻ ይንገረው፣ ከራሱ ይጨምርበት፣ እንጃ። ብቻ እየተናገረ በእጁ ወናፍ ሲነፋ፣ ቀንድ ሲፍቅ ያሳየው ነበር። ሹሙ አንዴ አባቴን፣ አንዴ እትዬ ፋጡማን ያያል። በኋላ ከአንዲት ገበያተኛ ቅርጫት አንድ ሽንኩርት አነሳና ድንጋይ ላይ አድርጎ ቆረጠው። ቢላዋው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ለሁለት ከፈለው። ሹሙ አሁንም አንድ ነገር ጠየቀ።

«ባልና ሚስት ናቸው ወይ ይላል» አለ አስካሪው።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ፋጡማ።

«እግዚኦ!» አለ አባቴ።

ሁለቱም እኩል ነው የጮኹት። ያኔ ጣልያኑ ሳቀ። ሁለት ቢላዋ ለራሱ አስቀረና በእጁ እለፉ አለን።

ጆንያውን ስናስር አስካሪው ጎንበስ ብሎ አገዘን። «እናቴ፣ ጽሕፈትዎ ያምራል» አላቸው ቀስ ብሎ። «ሁለተኛ በዚህ ሲያልፉ ግን ጠባችሁን ቤት አስቀምጣችሁ ኑ።» ደግ ሰው ነበር። ስሙን ሳልጠይቀው መቅረቴ ይቆጨኛል።

ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት ሄድን። ከዚያ አባቴ አህያዋን አቆመ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለየትኛው? ለዛሬው ነው ለፊተኛው?»

«ለሁለቱም።»

«የዛሬውን ይቅር ብያለሁ። የፊተኛውን አስብበታለሁ» አሉ።

ይህን ብለው ግን ቀድመው አልሄዱም። ከአህያዋ በወዲያኛው ጎን ሆነው፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ጠበበ ሰፋ እያሉ ከአባቴ ጋር እስከ ገበያው ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱ። እኔም መልእክት ከማመላለስ ተገላገልኩ። እንደዚያ ቀን ጭቅጭቅ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አሁን ሳስበው ሰው ስሙን ለክብር ሲፈልግ ብዙ አይቻለሁ። ለመከራ ሲሻማበት ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ቢላዋዎቻችን ዛሬም ሁለት ስም አላቸው። እኔም ደስተኛ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣ ከመላኬ በፊት ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ሳያማክሩ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና። እትዬ ፋጡማ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። የሁለቱም እጆቻቸው ጣት አለቀባቸው። «ኧረ በዛ» አሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

አባቴ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ጥሩ ነው» አለ በኋላ። «የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የለም።

«አባቴ ብዬሃለሁ እኮ» አልኩት።

«አባት ያልሆነ ማን አለ?» አለኝ።

እትዬ ፋጡማ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ተው አንተ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቅደም!» አሉት።

እንደገና ልገለብጠው ወረቀት አልተረፈኝም። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። አባቴ ደምሴ ይባላል። ስለቱን የሚሠራው እሱ ነው።