በር የሚገባባት መኪና

ጎረቤቴ አናጢው እቃ የሚጭንበት ርካሽ አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲነሳ፣ መካኒክ ነኝና እኔን ይዞኝ ሄደ። እኔ ሞተር ሳዳምጥ፣ እሱ በበር ቁመት የተቆረጠ ዱላ ይዞ የየመኪናውን ኋላ ይለካል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ያጨሳል!" ብዬ ጮህኩበት።

"ያጭስ። በሩ ይግባልኝ እንጂ።"

ሻጩ ገርሞት፣ "እስከ ዛሬ በምን ነበር የሚጭኑት?" አለው።

"ከባለቤቴ ጋር ተሸክመን ነዋ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።"

እውነቱን ነው። እሱ ረጅም፣ እሷ አጭር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ "በሩ እግር አወጣ" እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል። ካረፈች ገና ሁለት ወሯ ነው።

በመጨረሻ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ቀለሟ የተላጠ መኪና ተገኘች። ወንበሯ ሲታጠፍ ዱላው ልክክ አለ፤ ገዛት። በቀጥታ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ነድተን፣ የመጀመሪያውን በር ሊጭን ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘና "በይ፣ አንሺ!" አለ።

ማንም አላነሳም። እሱም ቀና አላለም።

ሮጬ የፊቱን ጫፍ አነሳሁለት። በሩ ግን ወደ እሱ አዘነበለ። ለካ ያ ረጅም ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ አሁንም በእሷ ቁመት ነው የያዘው።