የብስኩት ቆርቆሮው ቀይ አበቦች

የካናዳው ፖፒ ይወድቃል። መርፌው ቀጥ ያለ ነው፤ ማቆሚያም የለውም። ስለዚህ የሰካው ሰው ጎንበስ ቀና ሲል ከኮቱ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ከስብስቤ ውስጥ የሚበዛው እሱ የሆነው ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ያገኘሁት ከመሬት አንስቼ ነው። የእንግሊዙ ወረቀት ሲሆን አረንጓዴ ቅጠል አለው። የስኮትላንዱ ቅጠል የለውም። ከብረት ተሠርተው ቀለም የተቀቡም አሉ፤ እነሱን በጸደይና በመኸር ትምህርት ቤቶች በሚያዘጋጁት ሎፐማርከድ በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከአሮጌ የስኪ ሜዳሊያዎችና ከተበጠሱ የአንገት ሐብሎች ጋር ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ። እዚሁ ኦስሎ፣ ብሪን አካባቢ አንድ የአሮጌ ዕቃ መጋዘንም አለ። ሻጩ ስገባ ሲያየኝ ገና ከበር "ዛሬ የሞተ የለም" ይለኛል።

ፖፒ እንግሊዞችና ሌሎች አገሮች በጦርነት የወደቁ ወታደሮቻቸውን ለማሰብ በየኖቬምበሩ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ቀይ አበባ ነው። ኖርዌጂያኖች ልማዱ የላቸውም። እኔም የማውቀው አልነበረም። የምሠራበት ጋዜጣ አንድ እሑድ በከተማው ምዕራብ ወዳለው መካነ መቃብር ላከኝ። እዚያ ኖርዌይ ውስጥ የሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ተቀብረዋል። ጥሩምባ ተነፋ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ከዚያ በቴርሞስ የመጣ ሻይ ተጠጣ። እኔ የመጡትን ቆጠርኩ፣ የተናገሩትን ጻፍኩ። አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ኮቴ ባዶ መሆኑን አይታ ከቦርሳዋ አንድ አበባ አወጣችና ሰካችልኝ።

"አንቺ የምታስቢው ማንን ነው?" አለችኝ።

ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። "ለሥራ ነው የመጣሁት" አልኳትና ስሟን እንዴት እንደምትጽፈው ጠየቅኋት።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ስለ እሱ የማውቀውን ልጻፍ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ለብሔራዊ ውትድርና ከሰፈር ተወሰደ፤ ወደ ሰሜን ዘመተ። አብሮት የነበረ ሰው፣ ሠራዊቱ ሊበተን ጥቂት ሲቀረው፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ሲቀጥል አይቶታል። ምስክሩን ራሴ አግኝቼ አናግሬዋለሁ፤ የተናገረውን አምነዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው ግን አላገኘሁም። ሞቷል የሚል ምስክር የለኝም። አለ የሚልም የለኝም።

በእኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው መርዶው ሲነገር ነው። ማለዳ፣ ቤተሰቡ ከቤት ሳይወጣ፣ ዘመድና የእድር ሰዎች ጥቁር ለብሰው በር ያንኳኳሉ። ከዚያ በፊት ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ተዝካር የለም። ለእናቴ ማንም አላንኳኳም። ስለዚህ እሷ ኦስሎ ከመጣች ወዲህም እንደ አገሯ ትጠብቃለች። በቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስሙን የምታስጠራው ከሕያዋን ጋር ነው። ለሌላ ሰው ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ጥቁር አትለብስም፤ "በልጄ ላይ ሞት አልጠራበትም" ትላለች። ቤቷ ውስጥ ጥቁር መጋረጃ፣ ጥቁር ትራስ፣ ጥቁር ሻርፕ የለም። የክረምት ኮቷ ቡናማ ነው።

አበቦቹን መጀመሪያ ያየቻቸው ሊንደሩድ፣ እኔ ቤት፣ ሶፋው ላይ ዘርግቼ ስለያቸው ነው።

"ይኼ ሁሉ አበባ የሰው ነው?"

"በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ነው እማዬ።"

አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "ለእናቶቻቸው ተነግሯቸዋል?"

"አዎ። መንግሥታቸው ለየቤቱ አስታውቋል።"

"እነሱስ ታድለው" አለች።

ከዚያን ቀን ወዲያ አበቦቹ የእሷ ሆኑ ማለት ይቻላል። በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ ሞርተንሩድ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። አዲስ ባገኘሁ ቁጥር አደርስላታለሁ፤ እሷም በጥርስ ብሩሽ ዝገቱን ትጠርጋለች፣ የተጣጠፈውን ወረቀት በማንኪያ ጀርባ ታቃናለች። ለምን እንደምሰበስብ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ መልስ አላጣም ነበር። አንድ አገር ቆሞ "ልጆቻችሁ ሞተዋል" ያለበትን ነገር በእጄ መያዝ ያምረኝ ነበር። እኛ ቤት ያልደረሰው ቃል በሰው ቤት ደርሶ ምን እንደሚመስል ማየት።

ባለፈው ዓመት የጋዜጣችን ፎቶ አንሺ ሐሳብ አቀረበች፤ የመታሰቢያውን ሥነ ሥርዓት ስንዘግብ ስብስቡንም እናንሳው አለች። ቆርቆሮውን ማለዳ ከእናቴ ቤት ማምጣት ነበረብን። በባቡሩ መስመር ላይ ጥገና ስለነበር የእድራችን ሰብሳቢ በታክሲው ሊያደርሰን ተስማማ። እናቴንም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሳት ነበር፤ እንደምንመጣ ግን አልነገርናትም። ስልሳ ያለፈው፣ ተጫዋች ሰው ነው። እኔና ፎቶ አንሺዋ ለሥነ ሥርዓቱ አበባ ሰክተን ነበር፤ መኪና ውስጥ ለእሱም አንድ ሰጠሁት።

"እኔ ደረቴ ላይ አበባ የሰካሁት ለሰርጌ ነው" አለ በመስተዋቱ ራሱን እያየ። "ሚስቴ ካየች ምን ልበላት?"

"ለሞተ ሰው ነው በላት።"

"እሱንማ በሰርጌ ቀንም ሞቼ ነበር፤ አበባውን ያኔ ነው የሰኩልኝ!"

ፎቶ አንሺዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት ሳቀች፤ እየሳቅን ደረጃውን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ሳቃችንን ዋጥን፤ ጎረቤት ገና ተኝቷል ብለን ነው። አንኳኳሁ።

እናቴ ለቅዳሴ ነጭ ለብሳ ከፈተች። ያየችው ይህን ነው፤ ልጇን፣ የእድሯን ሰብሳቢና አንዲት የማታውቃት ረጅም ፈረንጅ፣ ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ምልክት አድርገው፣ በማለዳ ዝም ብለው ቆመዋል።

ምንም አልጠየቀችም። የወንድሜን ስም ጠራች። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለችና ደረቷን መምታት ጀመረች።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሆዴን! ሳላይህ! አፈር ሳላለብስህ!"

የሰማሁት ድምፅ የእናቴ አይመስልም ነበር። ወጣት ድምፅ ነበር። ሰብሳቢው "እትዬ! እትዬ፣ ምንም የለም! ምንም አልሰማንም!" እያለ ክንዷን ሊይዝ ታገለ። ፎቶ አንሺዋ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለችኝ። ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤት በሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እኔ በሥራዬ ብዙ ነገር ፊት ቆሜ እርሳሴ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ የመጣነው ቆርቆሮውን ልንወስድ ነው።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ገና እየወረደ ነበር።

"አልመጣም? ወሬ አልመጣም?"

"አልመጣም እትዬ" አለ ሰብሳቢው። "አበባው ነው ያሳሳትዎት። የፈረንጆች ነገር ነው።"

እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሻሿን ከወለሉ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው።

"ታዲያ ለምን አስቆማችሁኝ?" አለች። "ጀምሬ ነበር እኮ።"

ሰብሳቢው አበባውን ከኮቱ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። እናቴ ተነሥታ ቆርቆሮውን ከጓዳ አመጣችና አቀበለችኝ። የዚያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እኔ ወደ መካነ መቃብሩ ሄጄ ዘገባዬን ሠራሁ። በዘገባው ውስጥ ስሕተት አልነበረም።

ለሳምንታት ነገሩን አላነሳችውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር ስትለቅም፣ ቀና ሳትል፣

"አንቺ ያላጣራሽውን አትጽፊም አይደል?" አለችኝ።

"አልጽፍም።"

"ስለዚህ አንቺ ያልሽው እውነት ነው።"

"እንዲሆን እሞክራለሁ።"

"እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። ሌላ ሰው አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። አንቺ ሞቷል ካልሽኝ አምናለሁ። ነገ ሰው እጠራለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ተዝካሩንም አወጣለሁ። ሳልሞት ላልቅስለት።"

ወንዙን፣ የጫማውን ማሰሪያ አሰብኩ። አንድ ምስክር። እሱም ያየው በሕይወት ነው። የወንድሜን ሞት ለመናገር ከእኔ የተሻለ የሚታመን ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም፤ መናገር ያልቻልኩትም በዚያው ምክንያት ነው።

"አላውቅም እማዬ።"

ምስሩን ወደ ጎን ገፋችው። "ያንቺ ነገር! የፈረንጁን ሁሉ መርዶ በጋዜጣ ትጽፊያለሽ። የእናትሽ ጊዜ ሲሆን አላውቅም!"

ዘንድሮ ኖቬምበር ሲደርስ አብራኝ እንድትሄድ ጠየቅኋት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ቡናማ ኮቷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ ደርባ፣ ከቆርቆሮው አንዱን የካናዳ አበባ ራሷ መርጣ ሰካች። ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ከኋላ ቆመች። ሰዎቹ ወደ ሻያቸው ሲሄዱ እሷ በመቃብሮቹ መካከል በዝግታ ሄደች። ድንጋዮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስሙን እያነበብኩላት አለፍን። አንዱ ላይ ዝም አልኩ።

"ይኼስ የማን ነው?"

"አይታወቅም። ወታደር መሆኑ ብቻ ነው የተጻፈው።"

"ስሙስ?"

"አላገኙትም።"

"እናቱስ እዚህ መሆኑን ታውቃለች?"

"አታውቅም እማዬ። አሁን እሷም የለችም።"

እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። ላነሳት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ አለቀሰች። እንደዚያ ማለዳ አልጮኸችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሥርዓቱ፣ ለሰው ልጅ እንደሚለቀሰው አለቀሰችለት። የማን ልጅ ነህ አለችው። ማን ውኃ አጠጣህ፣ ማን ዓይንህን ከደነልህ አለችው። ሻይ የያዙት ሰዎች ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። አክብሮት እንደሆነ ገብቶኛል። ማንም አላስቆማትም። እኔም አላስቆምኳትም።

በባቡር ተመለስን።

"ለእናቱ ብዬ ነው" አለች ብሪን ስንደርስ። "እሷ ስላልደረሰች። የእኔንም ልጅ ያገኘች አንዲት እናት አልቅሳለት ይሆናል። እዚያ አገርም እናት አለ።"

ስለ እሱ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄ ነበረኝ፤ ሥራዬ ነውና ሁልጊዜ ጥያቄ አለኝ። አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻው ጣቢያ፣ ሞርተንሩድ ደርሰን ስንነሣ አበባው ወንበሩ ላይ ወድቆ አገኘነው።

"ይኼ ነገር አይረጋም እንዴ?"

"የካናዳው ሁልጊዜ ይወድቃል።"

ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ የስፌት ሳጥኗን አወጣች። አበባውን ኮቷ ላይ አስቀምጣ ቦታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለወጠችው። መርፌውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ክር ማስገባት ካቆመ ቆይቷል። ከሳጥኑ ውስጥ ከአበባው ጋር የሚስማማ ቀይ ክር መዝዤ ምራቅ አስነካሁት።

"አይ፣ እሱን አይደለም" አለች። "ወደ ሱቁ ውረጂና ጥቁር አምጪልኝ።"