አያቴና የሁለት ሰው መጋዝ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ቆሜ፣ መጋዝ እየሳብሁ ነው። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ኮልፌ ከከተማው ይልቅ ለባሕር ዛፉ የቀረበች ነበረች፤ የአያቴም ግቢ ከአጥሩ እስከ ማድቤቱ በግንድ የተሞላ ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን በጣውላ ስንጠቃ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሥራውን ከተዉ በኋላም ለቤታችን የሚነደውን እንጨት ራሳቸው ይቆርጡ ነበር። በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው ረጅም መጋዝ ነበራቸው፤ አንዱን እጀታ እርሳቸው፣ ሁለተኛውን እኔ እንይዛለን።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ ግንዱን በሁለት ባላ ላይ አጋድመን እንጀምራለን። «አትግፋ» ይሉኝ ነበር። «አንተ ወደ ራስህ ሳብና ልቀቅልኝ። መመለሱ የእኔ ድርሻ ነው።» ተረቱም በዚሁ ስልት ይሄዳል፤ መጋዙን ሲስቡ ይናገራሉ፣ እኔ ስስብ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ጊዜ፣ ጦጣይቱም ከላይ ሆና ቁልቁል ባየችው ጊዜ፣ ቀጥሎ የሆነውን ለመስማት ከፈለግሁ መሳብ ነበረብኝ። ደክሞኝ ካቆምሁ ተረቱም ይቆማል፤ ልመና አይሰሙም ነበር። ሲመሽ የባሕር ዛፉን ልጣጭ ከሰጋቱራው ጋር አንድደን፣ ዓይን የሚያቃጥለው ጢስ በፋኖሱ ብርሃን ውስጥ ሲጠመዘዝ እያየን ላባችንን እናደርቃለን።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል ቆመው፣ «ምነው አባባ፣ ልጅዎ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ እንጨት ቆራጭ መቅጠር አቃተው?» አሏቸው።

አያቴ መጋዙን ሳያቆሙ፣ «ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ነው። ባል የምትፈልግ ካወቅሽ ንገሪልኝ» አሉ።

እትዬ አስካለ ሳቁ። አባቴ ግን ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ከበሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ነበርና አልሳቀም። ያን ምሽት ከአያቴ ፊት ቆሞ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ይብቃዎት» አለ። «እኛ እያለን እርስዎ ሲለፉ ሰው ምን ይለናል?»

«ማን ለፋ? ከልጁ ጋር እየተጫወትሁ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ተቀምጠው ይጫወቱ።»

አባቴ ክፉ ልጅ አልነበረም። አባቱን እንደ እርሱ የሚያከብር ሰው ከዚያ በኋላም አላየሁም። በማግሥቱ መጋዙን ለአንድ አናጺ ሰጠ፤ ተቆርጦ የተዘጋጀ እንጨት አስመጣ፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ገዝቶም ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ አኖረላቸው። ከዚያ በኋላ አያቴ በተነሡ ቁጥር ሁላችንም «ይቀመጡ፣ እኛ እናመጣልዎታለን» እንል ጀመር።

ያኔ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተረቱን እንዲቀጥሉልኝ ጠየቅኋቸው። ጀመሩ። አንዱን ሐረግ ከተናገሩ በኋላ ግን እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ፤ የእኔን መሳብ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። የሚሳብ ነገር ስላልነበረ ዝምታው ረዘመ፤ ጅቡን የት እንዳደረሱት ጠፋባቸው። ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ሲጨበጡና ሲፈቱ አየሁ። «ነገ» አሉኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ከወንበሩ ለመነሣት የሰው ክንድ ያስፈልጋቸው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ «ና ያዘኝ፣ እስከ አጥሩ እንሂድ» አሉኝ። ጥቂት እንደተራመድን እናቴ ከጓሮ ሮጣ መጣች። «ውይ አባባ፣ ቢወድቁብንስ?» ብላ በጥንቃቄ ደግፋ መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ጋቢያቸውንም አስተካከለችላቸው። አያቴ አልተቃወሙም። ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠብቀው፣ «ወንበሩ ጉልበቴን ጨረሰው» አሉኝ።

ለመስቀል አልደረሱም። ለቀስተኛው አባቴን እያየ፣ «እንዲህ ያለ ጧሪ ይስጠን፤ በመጨረሻ ዘመናቸው እኮ አንዲት ጭራሮ አላነሡም» ይል ነበር። እትዬ አስካለም እንባቸውን እየጠረጉ ይህንኑ መሰከሩ። አባቴ ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ ያኔ ተጽናንቶበታል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እርሱም በተራው ሸምግሎ በዚያው በረንዳ ላይ በሚውልበት ዘመን፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ፣ «መጋዙን ባልወስድባቸው ኖሮ ይቆዩ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለትንም አልወድም። «አላውቅም» አልሁት። ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። በግቢው ውስጥ ልጆቼ ኳስ ይራገጡ ነበር፤ «አያታችንም ይምጣ» ይላሉ። ጫማውን አምጥቼ ከእግሩ ሥር አኖርሁለት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«አሁንማ ለእኔም መሸ» አለ።

ዛሬ ስለዚያ ቤት ሳስብ ጥፋተኛ እፈልጋለሁ፤ አላገኝም። አያቴን ያልወደደ ሰው አልነበረበትም።